በስንት ቆረጥክ?

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሁለት ሐበሾች ተገናኝተው አንዱ «አገር ቤት ልሄድ ነው» ካለ፣ ሌላው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ?» ብሎ አይደለም። «በስንት ቆረጥክ?» ነው የሚለው። መልሱ እንደተሰማ ከሁለቱ የአንዱ ፊት ይጠቁራል። ወይ የጠያቂው፣ ወይ የተጠያቂው።

ለብዙ ዓመት ፊቱ የሚጠቁረው እኔ ነበርኩ።

የሚገርመው ደግሞ ከኤርፖርት የማልጠፋ ሰው ነኝ። ሾፌር ነኝ፤ በስልክ አፕ እየተጠራሁ ሰው አመላልሳለሁ። ከቀኔ ግማሹ የሚያልቀው ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው ዳለስ ኤርፖርት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የሰው ሻንጣ ሳወርድ ስንት ዓመቴ። ስለ ትኬት ዋጋ የማውቀው ግን «ማክሰኞ ሌሊት ይረክሳል» የሚለውን ብቻ ነበር። እሱም ወሬ ሆኖ ተገኘ።

በ2022 ሰኔ ውስጥ አባቴ አረፈ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚህ አገር መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ላይ በሩ ይንኳኳል። ስትከፍቱ የሰፈር ሽማግሌዎችና የሚስታችሁ ዘመዶች ተሰልፈው ቆመዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ይገባችኋል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ በሰው ጢም አለ። አንድ የጎረቤት ልጅ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ጋሼ፣ ለነገ ጠዋት አንድ አለ። 2,380 ዶላር ነው።» ቁረጠው አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ለሠልስቱ ደረስኩ። እግዜር ይስጠው።

አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ሐዘን ላይ መሆኔን አላወቀም። ወንድሙን ሊድር ነው የሚሄደው። ገና ቀበቶ ሳናስር ጠየቀኝ፦ «በስንት ቆረጥክ?» ነገርኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ እኔው ስጠይቀው፣ አፍሮ ነገረኝ። በጥር ነው የቆረጠው፤ 1,490። ያው ወንበር፣ ያው ዶሮ በሩዝ፣ ያው 13 ሰዓት። እንዲያውም መስኮቱ ጋ የተቀመጠው እሱ ነው።

ከለቅሶ ስመለስ ይህ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። ገንዘቡ አይደለም፤ ለአባቴ ነው። ግን እንዴት ነው የሚሠራው? ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ጊዜ አለኝ፤ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት። ሌላው ሾፌር ዳማ ሲጫወት እኔ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ «ዋጋው ጨመረ» ስንል ብዙ ጊዜ የጨመረ ዋጋ የለም። ኢኮኖሚው ክፍል ውስጥ ያለው ወንበር ሁሉ ላይን አንድ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን በፊደል ተከፋፍሏል። ዋይ፣ ቢ፣ ኤም፣ ኤች፣ ኬ፣ ኤል፣ ኪው እያለ ይወርዳል፤ ቅደም ተከተሉ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያያል። ለየፊደሉ የራሱ ዋጋና የራሱ ሕግ አለው። አንዱ ከ21 ቀን በፊት ካልተቆረጠ አይሸጥም። አንዱ ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ መመለስ አይፈቅድም። አንዱ ቀን ቢቀየር ያስቀጣል። አየር መንገዱ ከቀን ቀን የሚያደርገው እነዚህን ፊደሎች መክፈትና መዝጋት ነው። ትናንት 1,100 ያያችሁት ትኬት ዛሬ 1,240 ከሆነ፣ የትናንቱ ፊደል ተዘግቶ ቀጣዩ ነው የታያችሁ።

ባለቤቴ «ደጋግመህ ስትፈልግ ያውቁብሃል፣ ለዛ ነው የሚጨምሩት» ትላለች። ስልኳ ላይ የምትፈልገው የፈለገችውን በማያስቀምጠው በድብቅ መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ነው። አልከራከራትም፤ ግን ፊደሉ የሚዘጋው እሷን አይቶ አይደለም። አንዳንዴም ድረ ገጹ ቀደም ሲል ያስቀመጠውን የቆየ ዋጋ ያሳይና ልትከፍሉ ስትሉ አዲሱ ይመጣል።

ፊደሉ መቼ ይዘጋል? ይሄን በሒሳብ መጀመሪያ ያስቀመጠው ኬን ሊትልዉድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ቢኦኤሲ በሚባለው በያኔው የእንግሊዝ አየር መንገድ ይሠራ ነበር፤ ዘመኑ 1972። ሐሳቡን በእኛ ቋንቋ ልንገራችሁ።

የፋሲካ ሳምንት ሾላ ገበያ ዶሮ የሚሸጥ ሰው አስቡ። ሐሙስ የሚመጣው ገዢ ጊዜ አለው። ይከራከራል፣ ካልተስማማው ጥሎ ይሄዳል። ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣው ግን ቤት ሽንኩርቱ እየተቁላላ ነው። አይከራከርም። ብልጥ ነጋዴ ሐሙስ ዕለት ያሉትን ዶሮዎች ሁሉ አይሸጥም፤ ለቅዳሜው ሰው ጥቂት ያስቀራል። ስንት ያስቅር? የሊትልዉድ መልስ ይሄ ነው፦ ርካሹ ዋጋ 1,000፣ ውዱ 2,500 ቢሆን፣ ውዱን የሚከፍል ሰው የመምጣቱ ዕድል ከመቶ 40 በላይ ከሆነ ወንበሩን አትሽጥ፤ ጠብቅለት። ከ40 በታች ከሆነ ለሐሙሱ ሰው ስጠው።

ልዩነቱ፣ ያልተሸጠ ዶሮ ፋሲካ ካለፈም ዶሮ ነው። በሩ ተዘግቶ የተነሳ አውሮፕላን ላይ ባዶ የቀረ ወንበር ግን ምንም አይደለም። ለዚህ ነው አንዳንድ በረራ ላይ መጨረሻ ሰዓትም ርካሽ የሚገኘው። ወደ አዲስ አበባ ግን በመጨረሻ ሰዓት የሚቆርጠው ማነው? ለቅሶ የሚደርስ ሰው። እናቱ ሆስፒታል የገባችበት ሰው። የቅዳሜ ገዢዎች ነን።

የ2,380ው ነገር በዚህ ተፈታልኝ። እኔ የከፈልኩት የወንበሩን ዋጋ አይደለም። ቀኔን ማንቀሳቀስ ያለመቻሌን ዋጋ ነው።

ይሄ ጨዋታ በትልቁ የተጀመረው እዚህ አገር ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1978 ድረስ የአገር ውስጥ በረራ ዋጋ የሚያጸድቀው መንግሥት ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር በዚያ ዓመት የፈረሙት ሕግ ነው ዋጋውን ለየኩባንያው መልቀቅ የጀመረው። በ1981 ፒፕል ኤክስፕረስ የሚባል አየር መንገድ ኒውዋርክን መነሻ አድርጎ በጣም በርካሽ ማብረር ጀመረ። ግዙፉ አሜሪካን ኤርላይንስ ወንበሩን ሁሉ እንደሱ ቢያረክስ ኪሳራ ነው። በ1985 ያደረገው ሌላ ነው። ባዶ ይቀራሉ ብሎ የገመታቸውን ወንበሮች ብቻ፣ ቀድሞ ለሚቆርጥና ትኬቱን ለማይመልስ ሰው፣ በርካሽ ሸጠ። የቀረውን ዛሬ ደውሎ ነገ ለሚበረው ነጋዴ በድሮው ዋጋ አስቀመጠ። ፒፕል ኤክስፕረስ በ1987 በሌላ ኩባንያ ተዋጠና ስሙ ጠፋ።

እና ይሄ ሁሉ ዋጋ የት ነው የሚሰበሰበው ብትሉ፣ እዚሁ ነው። አየር መንገዶች ያወጡትን ዋጋና ሕግ እየሰበሰበ ለየመሸጫው የሚያሰራጨው ድርጅት አትፕኮ ይባላል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዳለስ፣ ቨርጂኒያ ነው። ኤርፖርቱ ጎን። ስንት ዓመት ባጠገቡ እየነዳሁ ሳልፍ ዞር ብዬም አላየሁት።

መናደድ ፈለግሁ፤ ግን አፌን ሞልቼ መናደድ አልቻልኩም። ምክንያቱም እኔም የምበላው ከዚሁ ነው። ዝናብ ሲጥል፣ ወይም ኮንሰርት ሲያልቅ፣ አፑ ዋጋውን አንድ ተኩል፣ ሁለት እጥፍ ያደርገዋል። ያኔ እኔ ደስ ይለኛል። ኋላ የተቀመጠችው ዝናብ ያበሰበሳት ነርስ ግን «እንዲህ ነው እንዴ ዛሬ?» ስትል መስታወቱን አላይም።

አሁን ወደ ጠቃሚው ልምጣ።

የትኬት ወቅት የአዲስ አበባን ሰማይ አያይም፤ የእኛን ልጆች የትምህርት ካሌንደር ነው የሚያየው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ዋጋው ይሰቀላል። አዲስ አበባ ያኔ ክረምት ነው፤ ጭቃ፣ ዝናብ፣ ልብስ አይደርቅም። እኛ ግን በውዱ ዋጋ ተሻምተን እንሄዳለን። ጥቅምትና ኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ እህሉ ሲያሸት፣ አውሮፕላኑም ይረክሳል፣ ልጆቹ ግን ክፍል ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው የውድ ወቅት ፈረንጁ ለገናው የሚንቀሳቀስበት ታኅሣሥ ነው። እዚህ ላይ ቀን መቁጠሪያችን ይጠቅመናል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ጥምቀት ደግሞ ከዚያ 12 ወይም 13 ቀን ይርቃል። የወቅቱን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚወስነው የመሄጃው ቀን ነው። ስለዚህ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት በኋላ የሚነሳ ሰው የታኅሣሡን ዋጋ አይከፍልም። ለገና ቀጥታው በረራ ላይ የእኛው ሰው ስለሚሻማ ያን ያህል ላይረክስ ይችላል፤ በኢስታንቡል ወይም በካይሮ የሚዞረውን እዩት።

እህቴ በ2024 ጥር ስታገባ ይህን ሁሉ አውቄ ነበር። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ነው። ጎዶሎው የልጆቹ ትምህርት ብቻ ሆነ። ባለቤቴ «ስምንት ቀን ቀሩ ቢባል ትምህርት ቤቱ ምን ይላል?» አለች። እኔ ካልኩሌተር አውጥቼ አሳየኋት። ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ እኛም መልስ ጻፍን።

ከስድስት ወር በፊት ጉግል ፍላይትስ ላይ ቀኑን አስገብቼ ዋጋው ሲለወጥ እንዲነግረኝ አደረግሁ። በመስከረም አንድ ማታ ወረደ። አምስት ሰው ብዬ አስገባሁ፤ ነፍስ ወከፍ 1,442፣ በድምሩ 7,210። ልቆርጥ እጄ ሲንቀሳቀስ አንድ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። ለአንድ ሰው ብዬ ፈለግሁ። 1,298! ለሁለት፣ ያው። ለሦስት፣ ያው። ለአራት ስል 1,442 ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በርካሹ ፊደል የቀሩት ሦስት ወንበሮች ነበሩ። አምስት ሰው አንድ ላይ ስትጠይቁ ሥርዓቱ ሦስቱን በርካሹ ሁለቱን በውዱ አያደርግም፤ አምስቱም አብረው የሚገቡበትን ፊደል ፈልጎ ሁላችሁንም እዚያ ላይ ያወጣችኋል። ባለቤቴንና ሁለቱን ትንንሾች ለብቻ በ1,298 ቆረጥኩ፤ እኔና ትልቁ ልጅ በ1,442። ድምር 6,778። 432 ዶላር ተረፈ። ከዚያ ደውዬ ሁለቱ ትኬቶች አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን አስመዘገብኩ፤ በረራ ቢሰረዝ እንዳይበታትኑን። ልጆች ካሏችሁ በየትኬቱ ላይ አንድ አዋቂ መኖሩን አትርሱ።

ባለቤቴ የተረፈውን ብር ለማን እንዳዋለችው አልጠየቅኩም። ሻንጣዎቹ ግን ከብደው ነበር።

ሻንጣ ካነሳን፣ ሐበሻ የሌላውን ሰው ምክር እንዳለ ወስዶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፈረንጁ ለሁለት ሳምንት በአንድ የጀርባ ቦርሳ ይሄዳል። እኛ ነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ 23 23 ኪሎ፣ እሱም አይበቃንም። በ90 ዶላር የረከሰ ትኬት አንድ ሻንጣ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ርካሽ አይደለም። ዋጋ ስታወዳድሩ መጀመሪያ የሻንጣውን መስመር አንብቡ።

የናይሮቢውን ብልጠትም ልንገራችሁ፣ እንዳትሞክሩት። አንዳንዴ ከዳለስ በአዲስ አበባ በኩል ናይሮቢ የሚወስደው ትኬት፣ አዲስ አበባ ላይ ከሚያልቀው ይረክሳል። አውሮፕላኑ ያው ነው፤ መንገዱ ግን ይረዝማል። እንዴት? ከዚህ ናይሮቢ ለመሄድ በአውሮፓም በዱባይም በዶሃም መዞር ይቻላል፤ ሁሉም ተሳፋሪውን ይሻማሉ። ከዳለስ አዲስ አበባ ሳያርፍ የሚሄደው ግን የእኛው ብቻ ነው። ዋጋ የሚወጣው ለመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ለመነሻና ለመድረሻ ጥንድ ነው። አንድ ጓደኛዬ ይሄን አገኘሁ ብሎ ጮቤ ረገጠ። «ቦሌ ላይ ወርጄ እቀራለኋ!» ቀረ። ሻንጣዎቹ ናይሮቢ ሄዱ። መመለሻውም ተሰረዘበት፤ ምክንያቱም አንድ ጉዞ ከዘለላችሁ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይሰረዛል።

ከማን ልቁረጥ ለሚለው፣ እኔ አንዴ ተቃጥያለሁ። በ38 ዶላር ለረከሰ ብዬ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ቆረጥኩ። ስሙን አልጠራም። አየር መንገዱ የመመለሻውን ቀን ለወጠው። አየር መንገዱ ጋ ስደውል «ከቆረጥክበት ጠይቅ» ይላል። የቆረጥኩበት ስደውል ሦስት ሰዓት ሙሉ ሙዚቃ ያሰማኛል። ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት ፈልጌ የምቆርጠው ከአየር መንገዱ ከራሱ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሕግ፣ ከበረራው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ቀድማችሁ ከአየር መንገዱ ከቆረጣችሁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰርዛችሁ ብራችሁን ሙሉ ለሙሉ መውሰድ ወይም ሳትከፍሉ ዋጋውን አስይዛችሁ መቆየት እንድትችሉ ያስገድዳል። አየር መንገዱ ከሁለቱ አንዱን ይሰጣችኋል። ሦስተኛ ሻጭ ላይ ይህ ግዴታ የለም። ስለዚህ ጥሩ ዋጋ ካያችሁ ቁረጡና ተኙ። ጠዋት ለባለቤታችሁ ንገሩ።

የሰፈራችንን ሐበሻ የጉዞ ወኪል ግን አትናቁ። አንዳንዶቹ በኢንተርኔት የማይወጣ፣ ከአየር መንገዱ ጋር የተዋዋሉበት ዋጋ አላቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በር አላቸው፤ ቆመህ የምታንኳኳው በር። አባቴ ያረፈ ጊዜ እዚያ ብሄድ ኖሮ ምናልባት የሐዘን ቅናሽ ያለው አየር መንገድ ይፈልጉልኝ ነበር። ማን ያን ሰዓት ያስባል?

አሁን ደግሞ የእናቴን ትኬት እየተከታተልኩ ነው። ልትጠይቀን ትመጣለች፣ እግዜር ካለ። ይሄኛው ሌላ ዓለም ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ትኬትና ከዳለስ የሚነሳ ትኬት አንድ አውሮፕላን ላይ ሆነው ዋጋቸው ይለያያል። የምትመለስበትን ቀን ስለማናውቅ መሄጃ ብቻ ልቁረጥላት ብዬ አየሁ፤ የደርሶ መልሱን ዋጋ ያህል ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ደርሶ መልስ ይሆናል፤ ግን እስከ ስድስት ወር ቆይቶ መመለስና ቀን መቀየር የሚፈቅድ ፊደል። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ስትመጣ ደግሞ አውሮፕላኑ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ለነዳጅ ያርፋል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ረዘመ ብለው ግን አይቀንሱላችሁም።

ዊልቼር አስመዝግቤላታለሁ። ነፃ ነው። እግሯ ደህና ነው፤ ወገቧም ደህና ነው። ቋንቋው ነው የማያራምዳት። የሚገፋት ሰው በየመስመሩ አሳልፎ እኔ እጅ ያስረክባታል።

ትናንት ማታ ደውዬ የዋጋውን ነገር ላስረዳት ሞከርኩ። ፊደሉን፣ ወቅቱን፣ ለሁለት ሳምንት ብንጠብቅ ሊወርድ እንደሚችል። ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

«ጨረስክ ልጄ?»

«ጨረስኩ እማዬ።»

«በል ኪሎውን ንገረኝ። በርበሬው ብቻ 15 ነው፤ ሽሮው ገና አልተፈጨም።»